ወንድምሽ ከምክር ቤቱ ስላስወጣኝ ነገር

ለምሳሳልሽ ልጄ፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ፣ ያ ስትጎነበሺ ቀስፎ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም አባቴ እንዳያስብ ብለሽ ትደብቂኛለሽ? ባለቤትሽ እንደምን አለ? ከሌሊት ፈረቃ አወጡት ወይስ ዛሬም ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚተኛው? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትልቋ አሁንም እንቢ ካለች እንቢ ናት? ከሆነች ተያት፤ ከእኔ የወረሰችው ነው፣ ይጠቅማታል። አማትሽን ጉልበታቸው እንዴት አደረጋቸው? የእኔውን ከጠየቅሽኝ ደረጃ ባየሁ ቁጥር ይሰድበኛል። ከዚያ በቀር ፈጣሪ ይመስገን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እቆጣለሁ። እነዚህ ካሉ ሰው ጤነኛ ነው።

እንደምታውቂው ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ይህን የምትጽፍልኝ ምራቴ፣ የወንድምሽ ሚስት ናት። ለባሏ አድልታ ነገሬን እንዳታለሳልሰው ግን መላ አበጅቻለሁ። ከመታሸጉ በፊት ታች ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ከማናችንም ጋር የማይዛመደው፣ ከላይ እስከ ታች ያነብልኛል። ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። ሳቀችና «አባባ፣ ስድቡንም እንዳለ ልጻፈው?» አለችኝ። እንዳለ ጻፊው አልኳት።

ወደ ነገሬ ልግባ። ለወንድምሽ በስልክ የላክሽውን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። «አባቴን እንደ ሌባ በዘበኛ አስይዞ ያስወጣ ሰው ወንድሜ አይደለም፤ ከእንግዲህ ቁጥሬን አጥፋው» ብለሻል። ያሰማኝ አንቺን ሊከስ ብሎ እንዳይመስልሽ። ብቻውን መስማት አቅቶት ነው። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አሰማኝና ወጣ። ቀኑን ሙሉ ለዚያ ሁሉ እንደራሴ ተናገር፣ በቃህ፣ ተቀመጥ ሲል የሚውል ሰው ያንቺን ድምፅ ማቆም አልቻለም። ስለዚህ ነው ይህን የማስጽፈው። በስልክ ልንገርሽ ብል አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ነገሩም መሐል ላይ ይቀራል። በደብዳቤ ግን አታቋርጪኝም።

አንቺ ያየሽው በስልክ ሲዞር የሰነበተውን፣ ከማስነጠስ የማይረዝም ቁራጭ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ከሥሩ ልንገርሽ።

ነገሩ የጀመረው በሬዲዮ ነው። ወንዙ ዳር ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ሬዲዮዋን ከፍታ ሳለ፣ የክልላችን መሪ፣ ወንድምሽን ማለታቸው ነው፣ ከቦታው ተነስቶ ወደ ዋናው ከተማ ተጠራ ሲሉ ሰማን። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ተነሳና ተጠራ ሲባል ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ጀልባዬ ላይ የተሳፈረ ሁሉ አፉን ያዘ። ያ ጆንያውን የት እንደሚያስቀምጥ ከእኔ ጋር ሳይጨቃጨቅ ተሻግሮ የማያውቀው ነጋዴ እንኳ ያልኩት ቦታ ላይ አስቀምጦ ቁጭ አለ። የነገሩ ክብደት ያኔ ነው የገባኝ።

ጀልባዋን ለጎረቤታችን ለዓሣ አጥማጁ አደራ ሰጥቼ ያን ግራጫ ወፍራም ብርድ ልብስ ጠቀለልኩ። ነፍሷን ይማርና እናትሽ የሠራችለትን ሹራብ መሐሉ ከተትኩበት፤ ሳሙናም ጨመርኩ። እስር ቤት ይበርዳል ሲሉ እሰማለሁ። አውቶብስ ላይ ረዳቱ ጥቅሉ ከላይ ይጫን ቢለኝ እንቢ ብዬ መንገዱን ሁሉ ታቅፌው ሄድኩ።

ከተማው መናኸሪያ ስደርስ ታክሲ ያዝኩና እስር ቤት ውሰደኝ አልኩት። «የትኛው እስር ቤት?» አለኝ። ትልልቅ ሰዎች የሚታሰሩበት አልኩት። ማንን ሊጠይቁ ነው ሲለኝ የልጄን ስም ነገርኩት። ሰውዬው መኪናውን ዳር አስይዞ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ተቆጣሁት። ሳቁን ሲጨርስ «አባት፣ ልጅዎ እኮ ትናንት የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆኖ ተመረጠ፤ ጋዜጣው ሁሉ የእሱ ፎቶ ነው» አለኝ። አፈ ጉባኤ መሆን ከእስር ቤት ይሻላል ወይስ ይብሳል ብዬ ጠየቅኩት። «እንደ አያያዙ ነው» አለኝ። አስተዋይ ሰው ነበር።

ልጄ፣ ያኔ እፎይ አልኩ። በመኪናው መስኮት ነፋስ ሲነካኝ ነው ከዚያ ሬዲዮ ወዲህ በቅጡ ተንፍሼ እንደማላውቅ የገባኝ። ታክሲው ቤቱ ደጅ ሲያደርሰኝ ወንድምሽ በካልሲው ወጥቶ በር ላይ አቀፈኝ። ጥቅሉን አየው። ለምን እንዳመጣሁት ወዲያው ገባው፤ ግን አላሳፈረኝም። «ቤታችን እንደሚበርድ ማን አሳበቀብኝ?» ብሎ ተቀበለኝ። አሁንም ለብሶት የሚተኛው እሱን ነው።

አንቺ ስትሄጂ ወንድምሽ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሹመቱን በሩቁ ነው የሰማሽው። ሰው ደግሞ አንዱ ዘመድ አለው፣ አንዱ ምላሱ ነው፣ አንዱ ዕድለኛ ነው ይላል። ሐሰት ነው። ወንድምሽን ለዚህ ያበቃው ጭቅጨቃው ነው። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ የወረዳውን ቢሮ ደጅ እየተመላለሰ ቢያስቸግራቸው፣ ና አንተው ሥራው ብለው ወረዳ አስገቡት። ወረዳ ገብቶ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ይቆፈርልን እያለ የክልሉን ሰዎች እንቅልፍ ቢነሳቸው ወደ ክልል ወሰዱት። እዚያም አላረፈም፣ ክልሉን እንዲመራ እስኪሾሙት ድረስ። በየጊዜው የሚሾሙት ዝም እንዲል ነው፤ እሱ ግን ወንበሩ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ ርቆ ይሰማለታል። ይህን ከእኔ አልወረሰም፤ እኔ አንዴ ተናግሬ አልሰማ ካሉኝ ትቻቸው እሄዳለሁ። ከእናትሽ ነው።

ክልሉን ሲመራ የያዘው የእኛን ድልድይ ነው። አንቺ ስትሄጂ አልተጀመረም ነበር። አሁን ሁለት የድንጋይ እግር ውሃው መሐል ቆሟል። ከዚያ በላይ ምንም የለም። አንድ ቀን ሠራተኞቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ማሽናቸውን ጭነው ሄዱ፤ ምክንያቱን የነገረን የለም። ወፍ ጎጆውን ሠራበት፤ እኔም በሁለቱ እግሮች መሐል እየቀዘፍኩ አልፋለሁ። ሰው ዝም አይልምና፣ መሪው ያስቆመው የአባቱ ጀልባ ሥራ እንዳትፈታ ብሎ ነው ይባል ጀመር።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ያ ወሬ እኔንም ውስጥ ውስጡን ይበላኝ ነበር። እውነት ይሆን እንዴ እላለሁ። እንዳልጠይቀው ደግሞ አዎ ካለኝስ ብዬ ፈራሁ። ያስቆመው ለእኔ ብሎ ከሆነ፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጥታ ማዶ ስትጠብቀኝ ያስጠበቅኳት እኔ ነኝ ማለት ነው። ዕድሜ ልኬን ሰው ያሻገርኩ ሰው የሰው መንገድ ዘግቼ ልሙት? ምክር ቤቱ የገባሁት ይህን በሆዴ ይዤ ነው።

ልሄድ ስል ልብስ ሰፊው አዲስ ኮት ሰፋልኝ። ሲለካኝ «አባት፣ አንዱ ትከሻዎ ከሌላው ይወርዳል» ቢለኝ፣ እሱ የቀዛፊነቴ ነው፣ ኮቱን ለእሱ ብለህ አታቅናው አልኩት። ምራቴ የመግቢያ ወረቀት አገኘችልኝና አብረን ሄድን። በር ላይ ያለው ዘበኛ ዱላዬን ሊቀበለኝ ሲል ሦስተኛ እግሬ ናት፣ ከተቀበልክ ሦስቱንም ተቀበለኝ አልኩት። አሳለፈኝ።

የእንግዶች ቦታ ከላይ ሰገነቱ ላይ ነው። ከዚያ ሆነሽ ስታዪው አዳራሹ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ወንበሮቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ በየጠረጴዛው ቀይ መብራት ያለው ማይክሮፎን አንገቱን ቀልሶ ቆሟል፤ ምንጣፉ ኮቴ ይውጣል። ወንድምሽ ከፊት፣ ከፍ ያለው ወንበር ላይ፣ አንዲት የእንጨት መዶሻ አጠገቡ አድርጎ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ እየተንሸራተተበት ተቀምጧል። እንዲናገር ጠበቅኩ። አይናገርም። እጁን ያወጣውን አይቶ «እርስዎ ይቀጥሉ» ይላል፤ ሰዓቱ ሲሞላ «ይበቃዎታል» ይላል። ያን ሁሉ መንገድ ልጄ ሲናገር ልስማ ብዬ መጥቼ ሥራው ሌላውን ማናገር ሆኖ አገኘሁት።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ጺማሙ ተነሳ። ጺማሙ ያልኩሽ ከወንዛችን ማዶ ያለው ሕዝብ የመረጠው እንደራሴ ነው፤ ወንድምሽ ሲመረጥም እጁን ያላነሳለት ነው። ኮቱን ቆለፈና «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እርስዎ ይመሩት በነበረው ክልል አንድ ድልድይ በሁለት እግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቀርቷል። ለምን እንደቆመ አገር ያውቀዋል። የአባትዎ ጀልባ እንዳትጾም ነው» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። ወንድምሽ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ አንድ ነገር ጻፈና «ቀጣይ ተናጋሪ» አለ። በቃ፣ ይኸው። ዝም አለለት። ደሜ ፈላ። ከንዴቱ ደግሞ ፍርሃቱ ባሰኝ፤ እውነት ባይሆን ዝም ይል ነበር ወይ አልኩ።

እዚህ ላይ የመሻገሪያችንን ልማድ አስታውሺ። ማዶ የቆመ ሰው መሻገር ሲፈልግ ዱላውን ወደ ላይ ያነሳል። ልጅ ሳለ የወንድምሽ ሥራ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ያን ዱላ ማየት ነበር። ሲያይ አፉን በመዳፉ ከቦ «አይተናል!» ብሎ ይጮሃል። እሱ ሲታመም አንቺም ትጮሂ ነበር። አይተናል ከተባለ በኋላ ያ ሰው ተራው ተያዘለት ማለት ነው። ሀብታም ይምጣ ሹም ይምጣ አይቀደምም፤ ሳይሻገር የሚመሽበትም የለም።

እኔም ሰገነቱ ላይ አፌን አልከፈትኩም። ለዚህ ምስክር አለኝ፤ ምራቴ አጠገቤ ነበረች። ዱላዬን ብቻ ወደ ላይ አነሳሁ። አስቤበት አይደለም፤ እጄ ራሱ ነው ያነሳት። ወንድምሽ ቀጣዩን ተናጋሪ ፍለጋ ዓይኑን በአዳራሹ ሲያዞር ሽቅብ ቀና አለ፣ ዱላዋን አየ፣ እሱም ሳያስበው «አይተናል!» ብሎ ማይክሮፎኑ ላይ ለቀቀው። በዚያ ውሃ ተሻግሮ በሚሄደው በወንዙ ድምፅ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወንድምሽ አፉን በእጁ ከደነ። ጆሮው ሲቀላ ከላይ ሆኜ ይታየኛል።

እኔ ግን ታይቻለሁ። የታየ ሰው ይቀመጣል? ተነሳሁ። ጀልባዋ የእኔ ናት አልኩ። አንተ ጺማሙ፣ የድልድዩ ሥራ ይቁምልኝ ብዬ ስማጸን ያየኸኝ የት ነው? ትከሻዬ ካለቀ ቆየ፤ ጀልባዋም እኔም ብናርፍ ደስ ይለናል አልኩት። ገና ብዙ ነበረኝ። ወንድምሽ በመዶሻው መታ። «የተከበሩ እንግዳ፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለኝ። እንግዳ አለኝ። ያን እንኳ ዋጥ አደረግኩት። ግን ከታየሁ በኋላ አልቀመጥም፣ ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ አልኩት። ደግሞ መታ። አልተቀመጥኩም።

ስልክሽ ቆርጦ ያስቀረው ከዚህ ቀጥሎ የተባለውን ነው። ወንድምሽ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። አፈ ጉባኤው ሲቆም አዳራሹ ዝም ማለት አለበት፤ ዝም አለ። «ስሕተቱ የእኔ ነው» አለ። «የመናገር መብት ለሌለው ሰው ተራ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በቃለ ጉባኤው በስሜ ይያዝ። እኚህ ሰው አባቴ ናቸው። እንዲቀመጡ ተነግሯቸው አልተቀመጡም፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም እንግዳ ይውጡ።» ይውጡ ሲል ድምፁ ቀጠነ። ይህን ከእኔ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ግን አልተቀመጠም። እኔ ደረጃውን ይዤ በሩን አልፌ እስክወጣ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። እሱ ካልተቀመጠ ደግሞ ማንም መናገር አይችልም። እስኪ አስቢው ልጄ። አገር የሚመራ ያ ሁሉ ሰው፣ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ጉልበቱን እያስታመመ ደረጃ እስኪጨርስ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም፤ አንቺ ግን ተዋረደ ብለሽ ታለቅሻለሽ።

ዘበኛው ያዘው ብለሻል። እሱ አይደለም የያዘኝ፣ እኔ ነኝ የያዝኩት። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ክንዱን ጨምድጄ ነው የሄድኩት፤ ለዚህ ነው ምስሉ ላይ የሚጎትተኝ የመሰለው። ታች ወደ ዘበኞቹ ጠባብ ክፍል ወሰደኝ። ሰው ረስቶት የሄደ ጃንጥላ ግድግዳውን ሞልቶታል። ሻይ ቀዳልኝና «አባት፣ ከዚህ ቤት ሰካራምም ጯሂም አስወጥቻለሁ፤ የአፈ ጉባኤ አባት ሳስወጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። አይዞህ፣ ትለምደዋለህ አልኩት።

ለእረፍት ሲወጡ ጺማሙ እየፈለገኝ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ባለ ጀልባው እርስዎ ነዎት?» አለኝ። አዎ፣ ወሬኛው አንተ ነህ? አልኩት። ዘበኛውን ሻዩ ትን አለው። ጺማሙ ግን አልተቆጣም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንዙን አይተኸው ታውቃለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ሁልጊዜ በመኪና በላይኛው መንገድ ዞሮ እንደሚሄድና የተናገረው መራጮቹ የነገሩትን እንደሆነ አልደበቀኝም። እንግዲያው ና፣ እኔው ላሻግርህ፤ ነፋስ ያለበትን ቀን ምረጥ፤ ድልድዩን ማን እንደሚፈልገው ያኔ ትነግረኛለህ አልኩት። «ዋና አልችልም» አለኝ። ነፋስ ያለበትን ቀን ያልኩህ ለዚያው ነው አልኩት። ሳቀ። ሲወጣ ግን ሐሳብ ይዞት ነበር።

ራት ላይ ወንድምሽ ዓይኔን ማየት ፈራ። ምራቴ ምግቡን አቅርባ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ጉሮሮውን ሲጠራርግ፣ እሱን ተወውና የምጠይቅህን መልስልኝ አልኩት። ድልድዩን ያስቆምከው ለእኔ ብለህ ነው? አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። «አባባ፣ እርስዎም?» አለኝ። አዎ እኔም፤ መልስ አልኩት።

ዘረገፈው። ድልድዩን ያስቆመው እሱ አይደለም። በጀቱን የሚይዙት የበላይ ሰዎች ሥራውን አንስተው ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። እሱ በየስብሰባው እጁን ያወጣል፤ የሚያስቀምጡት ከኋላ ስለሆነ አያዩትም፤ ያየውም እንዳላየ ያልፈዋል። በየቢሮው ደጅ ጠንቷል፣ ለምኗል፣ ተጣልቷል። ለእኔ ያልነገረኝ ያልሠራሁትን ሥራ ምን ብዬ ላውራ ብሎ ነው። መጨረሻ ላይ እንደ ልማዳቸው ዝም ይበልልን ብለው ሾሙት። ይህኛው ሹመት ግን እንደ ሌሎቹ አይደለም። አፈ ጉባኤ የሆነ ሰው ለራሱ አገር ምንም መጠየቅ አይችልም። ለጺማሙም መልስ ያልሰጠው ለዚህ ነው፤ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ስለ ራሱ መከራከር አይፈቀድለትም።

ታዲያ ምን ብለህ ተቀበልካቸው አልኩት። «እጄን አንስቼ ሳልታይ የዋልኩበትን ቀን አልረሳውም። እዚያ ወንበር ላይ እንዳላየ የሚያልፍ ሰው ከሚቀመጥበት እኔ ልቀመጥ ብዬ ነው» አለኝ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ምን ብዬ ልንገርሽ፤ ያ ሁሉ ጊዜ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደልኝ። የሰው መንገድ አልዘጋሁም። ልጄም ለእኔ ብሎ ሰው አልበደለም። ስለዚህ እንዲህ አልኩት፦ ዛሬ ስላስወጣኸኝ ይቅርታ ብትጠይቀኝ እቀየምሃለሁ። ዝም ብለህ ብታናግረኝ ኖሮ ጺማሙ ያለው ሁሉ ልክ ይሆን ነበር፤ ድልድዩንም ደንቡንም ለአባቱ ሲል ያቆማል ይሉህ ነበር አልኩት። ማንኪያውን አነሳና በላ። ጨምሪልኝም አለ። ሚስቱ ከተሾመ ወዲህ ጨምሪልኝ ሲላት ያ የመጀመሪያው ነው አለችኝ።

በማግስቱ አንዳንዶቹ ሰውዬው ምክር ቤቱን መሣቂያ አድርጎታል፣ ከወንበሩ ይነሳ ብለው ነበር። ምራቴ ቀኑን ሙሉ እጇ ሥራ አልያዘላትም። ያዳነው ማን መሰለሽ፣ ጺማሙ ነው። ተነስቶ «ስሕተቱን በራሱ ስም አስመዝግቦ የወለደውን አባት ያስወጣ ሰው ካነሳን ማንን ልናስቀምጥ ነው?» አላቸው። ነገሩ እዚያው ሞተ።

እኔ ጉባኤው እስኪያበቃ ሰገነቱ ተከልክያለሁ። ማዕድ ቤት ሆኜ በሬዲዮ ነው የምሰማው፤ ወንበሩም ከዚያኛው ይመቻል። ባለፈው ጺማሙ ስለ ድልድያችን ተነስቶ ተናገረ። ስለ ቃሬዛው ተናገረ፣ ወፍ ስለሰፈረባቸው ሁለት እግሮች ተናገረ፣ እኔ እንኳ እንደዚያ አድርጌ አልናገረውም። ልክ ሊያሳርገው ሲል ወንድምሽ «ሰዓትዎ አልቋል» ብሎ ቆረጠው። ስለ እኛ ድልድይ እኮ ነው። ሬዲዮውን በዱላ ልለው ነበር። ምራቴ ሳቀችብኝ። ቆይቼ ሳስበው እኔም ሳቅኩ። ድልድዩ ወደ ኮሚቴ ይመራ ተብሏል። ይሠራል አልልሽም፤ ይታያል ነው ያሉት። ከሠሩት ጀልባዋን ወደ ደረቁ ጎትቼ፣ ገልብጬ፣ ላይዋ ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን ስሳደብ እውላለሁ። ሰው ሁሉ ሽማግሌው ድልድይ አይወድም ሲል ኖረ፤ እኔን የጠየቀኝ ግን የለም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። የተቆጣሽው ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆዴን ደስ ብሎታል፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን እኔ ያልያዝኩትን ቂም አንቺ አትያዢልኝ። ያላችሁኝ ሁለት ናችሁ። በእኔ ምክንያት ሆድና ጀርባ ሆናችሁ ብትቀሩ፣ ከደረጃው የበለጠ የሚጥለኝ ያ ነው። እሱ ቀድሞ አይደውልልሽም። ቁጥሬን አጥፋ ብለሽዋል፤ እሱም አጥፍቶታል፤ የተባለውን የሚያከብር ሰው ሆኗል። ግን እስኪ ቁጥሯን ንገረኝ ስለው አንድም ሳይሳሳት በቃሉ አነበነበልኝ።

ለባለቤትሽ ሰላም በዪልኝ፤ ሥራው ቢከብደውም በመቀዘፊያ እንደ መኖር እንዳልሆነ ንገሪው። ለትልቋ ልጅሽ አያትሽ ተመሳሳዬ ብሎሻል በያት። ትንሹ አሁን መናገር ጀምሯል አሉ፤ ስሜን አስለምጂው፣ ጉንጩንም ሳሚልኝ። ለአማትሽ ከፍ ያለ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ጉልበታቸውን ደረጃ ቻለው ብለው እንዳይመክሩት፣ እኔ መክሬው አልሰማኝም። ምራቴ እቅፍ አድርጋ ትስምሻለች፤ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ጽፋለች፣ ስድቡንም ጭምር። ልብስ ሰፊውም አያውቅሽም እንጂ ሰላም ብሎሻል።

የወንድምሽን ሰላምታ ግን እዚህ አላስጻፍኩም። ደውለሽ ከራሱ አፍ ተቀበዪ።

አባትሽ

ከወንድምሽ ቤት፣ ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ
ኅዳር ፲፬ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ